እስከ ሰኞ

የሽንኩርት ነቀላ በደረሰ ቁጥር ስምንተኛ ለ ክፍል ይሳሳል። መስከረም ላይ ልጆች ተጣበው የሚቀመጡበት ዴስክ ጥር ሲገባ ለአንድ ልጅ ይሰፋል። የቀሩትም ቢሆኑ በልባቸው ሄደዋል። ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ነው፤ ሐሳባቸው ግን ከቆቃ ውሃ በሚጠጣው ማሳ ላይ ይንከራተታል።

ዘውድነሽ ከናዝሬት ወደ ዓለም ጤና ተመድባ ሳይንስ ማስተማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ዘመኑ 1975 ነው። አምና ከትምህርት ቤቱ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ ዳይሬክተሩ አቶ ወልደአማኑኤል በየስብሰባው «ዘንድሮም እንደ አምና ከሆነ ፊቴን የት አደርገዋለሁ?» ይላሉ። ምክርም አልነፈጓትም። መጀመሪያ «ወላጅ አስጠሪ» አሏት። አስጠራች፤ ወላጁም ማሳ ላይ ነው። ቀጥለው «አለንጋ ያዢ» አሏት። ያዘች። አለንጋው ግን የሚደርሰው ለመጣው ልጅ እንጂ ለቀረው አይደለም። የመጣውን እየገረፉ የቀረውን ማስመጣት እንደማይቻል ሲገባት አለንጋዋን በመስኮት ወረወረችው። ከዚያ በኋላ የያዘችው ምክር ነበር፦ «ትምህርት ብርሃን ነው፣ ነገ ትልቅ ሰው ትሆናላችሁ።» ልጆቹ በአክብሮት ያዳምጧታል፤ በማግስቱ ደግሞ ይቀራሉ።

አንድ ዓርብ ቀን፣ አቧራ የቀላቀለ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንጓጓ፣ ስለ ትነት አስተምራ ጨረሰች። እንደ ልማዷም «ጥያቄ አለ?» አለች። ማንም እንደማይጠይቅ ስለምታውቅ መልስ ሳትጠብቅ ሰሌዳውን ማጥፋት ትጀምር ነበር። ያን ቀን ግን ድካም ይሁን ተስፋ መቁረጥ፣ ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ ዝም አለች። ልጆቹ ተያዩ።

ከመካከል ጉዲቱ የምትባል፣ ሁልጊዜ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት ቀጭን ልጅ ተነሣች።

«ቲቸር፣ ሽንኩርት ስንነቅል ቀኑን ሙሉ አያስለቅሰንም። ቤት ገብተን ስንከትፈው ግን ያስለቅሰናል። ያው ሽንኩርት አይደለም እንዴ? ለምንድን ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። ዘውድነሽ አልሳቀችም። መልሱን በአእምሮዋ ፈለገች፤ የለም። ኮሌጅ የተማረችውን ሁሉ ገለባበጠች፤ እዚያም የለም። «ከትምህርቱ ጋር አይገናኝም፣ ተቀመጪ» ብትላት ነገሩ ያልቅ ነበር። አፏም ለዚያው ተከፍቶ ነበር።

«አላውቅም» አለች።

ሳቁ ቀጥ አለ። እነዚህ ልጆች ብዙ አስተማሪ አይተዋል። የሚቆጣ፣ የሚገርፍ፣ የሚያንቀላፋም አይተዋል። አላውቅም የሚል አስተማሪ ግን አላዩም። ከኋላ ዴስክ ላይ ክንዱን ተንተርሶ ተኝቶ የነበረው ጢሙ ያጎነቆለው መርዳሳ እንኳ ቀና አለ።

«አላውቅም፤ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። እስከ ሰኞ ፈልጌ አመጣለሁ» አለች ዘውድነሽ።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ናዝሬት ገባች። እናቷ ቤት ዕቃዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በቀጥታ የሄደችው፣ ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ኬሚስትሪ ወዳስተማሯት ወደ ጋሽ አብተው ነበር። ጋሽ አብተው ጡረታ ወጥተው መጻሕፍታቸውን አልጋ ሥር ደርድረው ይኖራሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ተማሪ ጠይቃኝ አፈርኩ» አለቻቸው።

«ማፈርሽ ነው ያሳፈረኝ!» አሉ ሽማግሌው፣ አልጋው ሥር እየተንበረከኩ። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም? እርግጥ ዛሬ ደጃዝማችነቱ ራሱ ቀርቷል፤ ተረቱ ግን አልቀረም። ነይ፣ ይህን ያዢልኝ።»

ከሰዓቱን ሁሉ አቧራ ሲያራግፉ ዋሉና አገኙት። ሰኞ ዕለት ዘውድነሽ ሽንኩርት፣ ቢላና ውሃ የሞላ ሳህን ይዛ ወደ ክፍል ሄደች። በር ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ዓርብ ያልነበሩ ልጆች ተቀምጠዋል። ወሬው ማሳው ድረስ ሄዶ ኖሯል፤ «የሳይንስ ቲቸሯ ተሸነፈች፤ ሰኞ መልስ አመጣለሁ ብላለች» ተብሎ።

ጉዲቱን ወደ ፊት ጠርታ ሙሉውን ሽንኩርት አስሸተተቻት፤ ምንም የለም። አስከተፈቻት፤ የጉዲቱ ዓይን እንባ አቀረረ። ሌላውን ውሃ ውስጥ አስከተፈቻት፤ በዚህኛው እንባዋ ደረቀ።

«ሽንኩርቱ ሁለት ነገሮችን በየጓዳቸው ለያይቶ ያስቀምጣል» አለች ዘውድነሽ። «በየጓዳቸው እስካሉ ሰላም ናቸው። ቢላው ግድግዳውን ሲያፈርሰው ይገናኛሉ። ሲገናኙ ጋዝ ይፈጠራል፤ ጋዙ ከዓይናችን እርጥበት ጋር ሲቀላቀል አሲድ ይሆናል። ዓይናችን የሚያለቅሰው ያን አሲድ ለማጠብ ነው። ውሃ ውስጥ ሲከተፍ ግን ጋዙ እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ስትነቅሉት ግድግዳው አልፈረሰም። አሁን መጽሐፋችሁን አውጡ፤ እነዚያ ጓዳዎች ሴል ይባላሉ፤ ምዕራፍ ሁለት ላይ አሉ።»

ጥቅምት ላይ ያንን ምዕራፍ ስታስተምር ሲያዛጉ የነበሩት ልጆች፣ አሁን ገጹን ሲገልጡ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ የጥያቄ ቀን ሆነ። ማንም የፈለገውን ይጠይቃል። ዘውድነሽ የምታውቀውን ትመልሳለች፤ ካላወቀች «እስከ ሰኞ» ትላለች። ሁሉም በየፊናው ይፈልጋል፤ ሰኞ ያገኙትን አምጥተው ይከራከራሉ። አንዱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ድሬሰሩን ይጠይቃል፤ ሌላው ገበያ ለመጣ ነጋዴ ጥያቄውን ያቀርባል። ሰኞን መቅረት ደግሞ መልሱን ማጣት ነው። ዓርብን መቅረትም እንዲሁ፤ ሰኞ ሁሉም የሚያወራውን አለማወቅ ነው። ነቀላው ገና አላለቀም ነበር፤ ክፍሉ ግን መሙላት ጀመረ። ልጆቹ ገና ሳይነጋ ማሳ ወርደው፣ ደወል ሲደወል እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ ሮጠው ይገባሉ።

የመርዳሳ ጥያቄ የመጣው በየካቲት ነው። አባቱ ኦቦ ጉደታ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በጋራ የሚጠቀሙበት የውሃ ሞተር አላቸው። ጎርፍ እንዳይወስደው ብለው ሞተሩን ከዳገቱ አናት ላይ ቢያወጡት ውሃ መሳብ እምቢ አለ። መካኒክ ፈታው፣ ገጠመው፤ ጤነኛ ነው አለ። ሽንኩርቱ መጠውለግ ጀምሯል።

«ቲቸር፣ ከታች ሲሆን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሰማይ ድረስ ግፋ ብትይው እሺ ይላል» አለ መርዳሳ። «ከላይ ሆኖ ሳብ ስትይው ግን ይለግማል። መግፋትና መሳብ ምን ለያቸው?»

ዘውድነሽ ይህኛውን ታውቀዋለች፤ ግን አልተናገረችም። «ጎማ አለህ? ረጅም የውሃ ጎማ?» አለችው።

ሰኞ ዕለት ስምንተኛ ለ እንዳለ ግቢው ውስጥ ካለው ትልቁ ግራር ሥር ተሰበሰበ። ባልዲ ሙሉ ውሃ መሬት ላይ ተቀመጠ። መርዳሳ የጎማውን አንድ ጫፍ ይዞ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ ወጣና ሳበ፤ ውሃው አፉ ውስጥ ገባ፤ ተፋው፤ ተጨበጨበ። ከፍ ብሎ ወጣና ሳበ። ጉንጮቹ ተጣበቁ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ውሃው ግን አልደረሰም።

«ጉልበትህ የታለ?» ጮኸች ጉዲቱ ከታች። ያንን ሰምተው ጉልበት አለን ያሉ ሁሉ ተራ በተራ ግራሩ ላይ ወጡ። ሁሉም ፊታቸው በርበሬ መስሎ ወረዱ።

«ውሃውን የሚያወጣው አፋችሁ አይደለም» አለች ዘውድነሽ። «እናንተ ጎማው ውስጥ ያለውን አየር ብቻ ነው የምታወጡት። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ባልዲው ላይ የተኛው የውጭው አየር ነው። አየር ክብደት አለው፤ ክብደቱ ግን ልክ አለው። ሞተሩም እንደ እናንተ ነው፤ ጉልበቱ ቢበልጥም ከአየሩ ልክ በላይ አይስብም። ሲገፋ ግን በራሱ ጉልበት ነው የሚገፋው።»

መርዳሳ ለረጅም ጊዜ ግራሩንና ባልዲውን እያፈራረቀ ተመለከተ። «እንግዲያው ሞተሩን ወደ ውሃው አውርደን፣ መግፋቱን ለእሱ እንተውለት» አለ።

በማግስቱ መርዳሳ ቀረ። ዘውድነሽ ልቧ ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ከክፍሉ በር ላይ አንድ ጭቃ የነካው ቦቲ ጫማ ያጠለቁ ጎልማሳ ቆመው አገኘች፤ መርዳሳ ከኋላቸው አለ።

«አከም ቡልተን፣ ባርሲስቱ» አሉ ሰውየው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው መምህርቷን በኦሮምኛ ደኅና አደርሽ ሲሉ። «ጉደታ ነኝ፣ የዚህ አባት። ትናንት ሞተሩን ከውሃው አጠገብ መደብ ሠርተን ስናስቀምጥ ዋልን፤ ልጁን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ እሱን አትቆጪው። ውሃው ወጣ። እንደ ጉድ ወጣ! እኔ ይህን ልጅ ትምህርት ቤት የምልከው ቀበሌ እንዳይወቅሰኝ ብዬ ነበር። ከእንግዲህ ከማሳዬ አንድ ቀን ቢቀር አይቆጨኝም። ገለቶሚ።»

«እርስዎም ይመስገኑ፣ ኦቦ ጉደታ» አለች ዘውድነሽ። መርዳሳን ወደ ዴስኩ አስገብታ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ ሰምሮ ሳለ ነው፣ በመጋቢት አንድ ዓርብ መሐመድዘይን እጁን ያወጣው። መሐመድዘይን ከመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ ጦርነቱ መቼ ነው የሚያልቀው? ወንድሜ ሰሜን ነው ያለው። ብዙ ጊዜ ሆነ፣ ወሬው ጠፋ።»

ዘውድነሽ ሳታስበው ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ በሩ አየች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንቱን ሰው የት እንዳደረሰ ታውቃለች።

«አላውቅም፣ መሐመድዘይን» አለች።

ልጁ አልተቀመጠም። «እስከ ሰኞ» እስክትል ይጠብቃል። ሁሉም ይጠብቃል።

«ይህንን ሰኞም አላውቀውም» አለች ቀስ ብላ። «ወንድምህ በደኅና እንዲገባልህ ግን እመኝልሃለሁ።»

መሐመድዘይን ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ።

ወሬው እሑድን ሳያልፍ ከክፍሉ ወጣ። ሰኞ ጠዋት አቶ ወልደአማኑኤል ቢሯቸው አስጠሯት። ላብ ላብ ብሏቸዋል።

«ክፍልሽ ውስጥ የጦርነት ነገር ተነሥቷል አሉ። የቀበሌው ካድሬ ትናንት ቤቴ ድረስ መጣ! ስሚ ዘውድነሽ፣ እኔ ልጆች አሉኝ። አንቺም እናት አለሽ። ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄ የለም። ጠመኔሽን ይዘሽ መጽሐፉን አስተምሪ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የአውራጃው ሱፐርቫይዘር ሊመጡ ነው።»

ዘውድነሽ ልትከራከራቸው አሰበች። ግን ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ የፈሩ ናቸው። እሷም ፈርታለች። ስለዚህ ጠመኔዋን ይዛ መጽሐፉን አስተማረች። ዓርብ መጣ፤ ዓርብ እንደ ማንኛውም ቀን አለፈ። ልጆቹ ለምን ብለው አልጠየቁም፤ ገብቷቸዋል። መርዳሳ ክንዱን ተንተርሶ ወደ መተኛቱ ተመለሰ። በሳምንቱ መጨረሻ የኋላ ዴስኮች እንደገና ባዶ መሆን ጀመሩ። ዘውድነሽ ከጥር ጀምሮ ያጠጣችው ነገር ዓይኗ እያየ ሲደርቅ ነበር።

ሱፐርቫይዘሯ ወይዘሮ ጥሩነሽ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ በጥብቅነታቸው የሚፈሩ ሴት ነበሩ። ከኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። አቶ ወልደአማኑኤል በር ላይ ቆመዋል። ዘውድነሽ ከመጽሐፉ ሳትወጣ አስተምራ ጨረሰች።

«ጥያቄ ያለው ተማሪ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ ተነሥተው።

የሚንቀሳቀስ ጠፋ።

«ምነው፣ ልጆችሽ ዲዳ ናቸው እንዴ?»

ዘውድነሽ ወደ በሩ አየች። አቶ ወልደአማኑኤል ራሳቸውን በአሉታ ይነቀንቃሉ። ወደ ልጆቹ አየች። ጉዲቱ ጥርሷን ነክሳ ዴስኩን አፍጥጣ ታያለች። ዘውድነሽ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዲዳ አይደሉም፣ እትዬ። ዲዳ ያደረግናቸው እኛ ነን» አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው። የሽንኩርቱን፣ የሞተሩን፣ የክፍሉን መሙላት ተናገረች። በመጨረሻም የጦርነቱን ጥያቄ አልደበቀችም። «መጠየቅን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ጥፋት ከሆነ የልጆቹ አይደለም፣ የኔ ነው።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያንን የጠየቀው የትኛው ነው?»

ማንም አልጠቆመም። አንድ ዓይን እንኳ ወደ መስኮቱ አልዞረም። መሐመድዘይን ግን በራሱ ተነሣ።

ሴትዮዋ ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «ወንድምህ ታላቅህ ነው?»

«አዎ።»

«የኔም የመጀመሪያ ልጄ እዚያ ነው» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «መልሱን እኔም አላውቀውም። ተቀመጥ ልጄ፤ ምንም አላጠፋህም።» ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «አቶ ወልደአማኑኤል፣ ካድሬው ጋ እኔ እሄዳለሁ። እርስዎ አይጨነቁ።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና በሌላ ድምፅ፣ «እኔ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጥያቄ ያለው?» አሉ።

መጀመሪያ የጉዲቱ እጅ ወጣ። ከዚያ የመርዳሳ። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ እጅ ሆነ።

«ሶደሬ ላይ ከመሬት የፈላ ውሃ ይወጣል። የኛ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ለምንድን ነው?» አለች ጉዲቱ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ጠመኔውን አንሥተው ሰሌዳው ላይ ስምጥ ሸለቆን ከዳር እስከ ዳር ሣሉት። መሬት ከታች እንዴት እንደተሰነጠቀች፣ እሳቱ የት ጋ ለውሃው እንደሚቀርብ፣ ሁለቱ ዳርቻዎች ዛሬም ቀስ እያሉ እንደሚራራቁ ሲያስረዱ የሃያ ዓመት ወጣት መሰሉ። ቀሚሳቸው በጠመኔ ነጥቷል።

«ታዲያ እየሰፋ ከሄደ፣ አንድ ቀን ባሕር ገብቶ ዓለም ጤናን ይውጣታል?» አለ መርዳሳ።

ጠመኔያቸው አየር ላይ ቆመ። «እሱን እንኳ... አላውቅም» አሉ።

«እስከ ሰኞ!» ብሎ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ዴስኩን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በር ላይ የቆሙት አቶ ወልደአማኑኤልም፣ መጀመሪያ በፍርሃት፣ ኋላ ከልባቸው ሳቁ። እንደተባለውም ሰኞ ከአውራጃው ስልክ ተደወለ፤ ዳይሬክተሩ ራሳቸው ክፍል ድረስ መጥተው መልሱን አሰሙ፦ ምናልባት፤ ግን የልጅ ልጆቻችሁ የልጅ ልጆችም አያዩትም።

ካድሬው ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ዓርብ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ የስምንተኛ ሀ ልጆች በመስኮት አንገታቸውን ማስገባት ጀመሩ፤ የእነሱ መምህርም ተሸነፉና ዓርባቸውን ፈቀዱ። በሰኔ ሚኒስትሪ ሲደርስ ስምንተኛ ለ የተፈተነው አንድም ልጅ ሳይጎድልበት ነው።

ውጤቱ በነሐሴ መጣ። ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት ግቢው በወላጅ ተሞላ። አቶ ወልደአማኑኤል ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመው የአላፊዎቹን ስም ማንበብ ጀመሩ። አነበቡ፣ አነበቡ፤ ጉሮሯቸው ደረቀ፤ ውሃ ተሰጣቸው፤ ቀጠሉ። መሐመድዘይን ሲባል እናቱ መሬት ሳመች። ጉዲቱ ስትባል እልልታው ቀለጠ፤ ከትምህርት ቤቱ ከፍተኛውን ውጤት ያመጣችው እሷ ነበረች። መርዳሳ ሲባል ኦቦ ጉደታ ያንን ቁመተ ረጅም ልጅ እንደ ሕፃን ከወገቡ አቅፈው አነሡት። ከስምንተኛ ለ የወደቀ አልነበረም። አቶ ወልደአማኑኤል አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጠፉና በሕዝቡ ፊት ለዘውድነሽ እጅ ነሡ። ሴቶቹ እንደገና እልል አሉ፤ እሷ ግን ቀና ማለት አቅቷት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

በመስከረም ልጆቹ ዘጠነኛ ክፍል ሊገቡ ወደ ናዝሬት ሄዱ። የተሳፈሩበት እህል የጫነ አሮጌ ኤን ትሬ የጭነት መኪና ነበር። ፍራሻቸውን ጠቅልለው፣ ስንቃቸውን ይዘው ጆንያው አናት ላይ ሰፈሩ። ዘውድነሽ መንገዱ ዳር ቆማ ስታይ ጉዲቱ ከላይ ጎንበስ ብላ እጇን ጨበጠቻት። መኪናው ሲነሣ ልጆቹ መዝፈን ጀመሩ፤ መርዳሳ በፉጨት ይቀበላቸዋል። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ዘፈኑ ከመኪናው ድምፅ በላይ እየጎላ፣ ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር።